ቅቤ የሚለው ቃል ትርጉምና ግብር

ቅቤ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ቃሉ ግን ከማጀት ወጥቶ ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ጥቂት ልንመረምረው ይገባናል።

ሥሩ በግዕዝ ይገኛል። ቀብአ ማለት ቀባ ሲሆን፤ ቅብእ የሚለው ስም ዘይትንም ቅቤንም ሌላውንም የሚቀባ ነገር ያጠቃልላል። እንግዲህ ቅቤ፤ ቅባት፤ ቅብዐ መንግሥትና ቅብዐ ሜሮን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስሙ የወጣው ከመብላት ሳይሆን ከመቀባት ነው ማለት ነው።

በየቤታችንም ሁለቱ አገልግሎቶች ተለያይተው ይኖራሉ። የረጋው ወተት በቅል ተንጦ የሚወጣው ለጋ ቅቤ ሲሆን፤ ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር በእሳት ቀልጦ ሲጠራ ንጥር ቅቤ ይባላል። ለጋው ይበልጡን ለጠጉር፤ ንጥሩ ለወጥ ነው። ደግሞም ቃሉ ለነቀፌታ ያገለግላል። ለስላሳ ተናግሮ ክፉ የሚያስበውን ሰው «አፉ ቅቤ፤ ልቡ ጩቤ» እንለዋለን።

አሁን ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ዶርዜ እንውጣ። ፈረንሳዊው የሰው ባሕል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር በዚያ አገር ተቀምጦ ካጠና በኋላ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቅቤ ጽፏል። በሥርዓት ጊዜ ባለማዕርጉ ለጋ ቅቤ በራሱ ላይ ያደርጋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የአገሬው ሰው ወግ ነው ከማለት በቀር ፍቺ አይሰጥም። ስፐርበርም ነገሩ እንደ መዝገበ ቃላት «ይህ ማለት ይህ ነው» ተብሎ የሚፈታ አይደለም ይላል። በራስ ላይ ያለው ቅቤ ስሜት የሚሰጠው በድስት ውስጥ ካለው ቅቤ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ በወጥ ውስጥ ቀልጦና በጥቂቱ የሚገባው፤ በራስ ላይ ሳይቀልጥና በብዛት ለሁሉ ይታያልና።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። አንዳንዶቻችን ይህን ስናይ «የሚበላ ነገር በከንቱ ባከነ» ብለን እንስቃለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «የሀብት ምልክት ነው» ብለን በአንድ ቃል እንዘጋዋለን። የፊተኛው የገዛ ቋንቋውን ዘንግቷል፤ ቅቤ ስሙን ያገኘው ከመቀባት ነውና። የኋለኛውም ባለቤቱ ያልሰጠውን ፍቺ በባለቤቱ አፍ ያኖራል። «ወግ ነው» የሚል ሽማግሌ አላዋቂ አይደለም። ጠያቂው ዝም ብሎ ቅቤው የት፤ መቼና በማን ራስ ላይ እንደሚውል ቢመለከት የሚፈልገውን መልስ ያገኛል።