በሰማይ ከፍታ ተራውን ስለሚለዋውጥ ነፋስ

በቂሊንጦ ሜዳ የቆመ ሰው የነፋስን መንገድ በአቧራውና በደመናው ያውቃል። ነገር ግን ከምድር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዓይን የማያየው ሌላ ነፋስ አለ። ቂሊንጦም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፣ ይኸው ነፋስ በላይዋ ያልፋል።

ነፋሱ አንድ ጊዜ ከምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል፤ ዙሩንም በ28 ወር ገደማ ይፈጽማል። ለውጡ ከላይ ጀምሮ በየወሩ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ምክንያቱም ከታች ከዝናብ ደመና እየተነሣ ወደ ላይ የሚወጣው የአየር ማዕበል ነው።

ሊቃውንት መሣሪያ በፊኛ እየሰደዱ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመዘግቡ ተራው ተቋርጦ አያውቅም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን በምዕራቡ ነፋስ መካከል የምሥራቅ ነፋስ ገባ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ተደገመ።

እንግዲህ መቋረጡ የታወቀው መዝገብ ስለ ነበረ ነው። መምህራንም ልጆች የመንደራቸውን ነፋስና ዝናብ በየዕለቱ እንዲጽፉ ያስለምዷቸው።