ዘረመል በችሎት ፊት

እ.ኤ.አ. በ1993 ሀንስ ብሩነርና ባልደረቦቹ በአንድ የኔዘርላንድስ ቤተሰብ ውስጥ በግልፍተኝነትና በጥቃት የሚታወቁ ወንዶችን መርምረው፣ ኤምኤኦኤ የተባለው ዘረመላቸው ጨርሶ የማይሠራ ሆኖ አገኙት። ይህ ዘረመል ሴሮቶኒንን የመሳሰሉ የአንጎል ኬሚካሎችን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያስገኛል። እንዲህ ያለው ሙሉ ብልሽት እጅግ ብርቅ ነው፤ ጠበቆች ችሎት ፊት የሚያቀርቡት ሥራው ደከም ያለውን ዓይነት ነው። እሱን ደግሞ ከአውሮፓ ተወላጅ ወንዶች ሲሶ ያህሉ ይዘውት ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም ሰው ሳይነኩ ያልፋሉ። አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ በ2002 ያወጡት የኒውዚላንድ ጥናት ነገሩን ግልጽ አደረገው። ደካማው ዘረመል ብቻውን እምብዛም ጉዳት አላሳየም። ደካማውን ዘረመል ይዘው በልጅነታቸው የተበደሉት ግን ከተጠኑት ወንዶች 12 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ከኃይል ወንጀል የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 44 በመቶው የእነሱ ነበር። ኋላ ከመጡት ጥናቶች አንዳንዶቹ ግን ግኝቱን አላጸኑትም።

ፍርድ ቤቶች ግን አልጠበቁም። በ2009 የጣሊያን ትሪየስቴ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ዘረመል ጠቅሶ በአንድ ነፍሰ ገዳይ ላይ ከተፈረደው 9 ዓመት ከ2 ወር አንዱን ዓመት ቀነሰ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቴነሲ ዐቃቤ ሕግ ሞት የጠየቀበት፣ ይኸው የዘረመል ማስረጃ የቀረበለት ተከሳሽ ቀለል ባለ የግድያ አንቀጽ ጥፋተኛ ተብሎ ከሌሎቹ ክሶች ጋር በድምሩ 32 ዓመት ተፈረደበት። በ2012 በታተመ ጥናትም 181 አሜሪካውያን ዳኞች በምናባዊ መዝገብ ላይ ሲፈርዱ፣ ሥነ ሕይወታዊ ማብራሪያ የቀረበላቸው ቅጣቱን በአማካይ አንድ ዓመት ያህል አቀለሉ።

ይህ ቅናሽ ትክክለኛ መሠረት ያለው አይመስለኝም። «ማንም ዘረመሉን አልመረጠም፤ ስለዚህ አይወቀስ» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ምክንያት የሌለው ድርጊት የለም፤ ሕግ የሚጠይቀው ተከሳሹ የሚያደርገውን ያውቅ፣ ራሱንም መግታት ይችል እንደነበረ ነው። ወንድነትም በክሮሞሶም የሚመጣ፣ ከኃይል ወንጀል ጋር ከየትኛውም ዘረመል ይበልጥ የተያያዘ ነገር ነው፤ ደንበኛዬ ወንድ ስለሆነ ቅጣቱ ይቅለልለት ያለ ጠበቃ ግን አልሰማንም። ከዚህም በላይ ማስረጃው በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ነው፦ ተፈጥሮው ካስገደደው ነገም ይገድላልና ይቆለፍበት ለማለትም ያገለግላል።

ጠንካራው ተቃውሞ፣ ራስን የመግታት አቅም በደረጃ ይለያያልና ዘረመል የተፈጥሮ ፈተናውን ክብደት ያሳያል የሚለው ነው። አቅም በደረጃ መለያየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በካስፒ ጥናት ውስጥ የሚከብደው የልጅነት በደል ነው፤ እሱን ለማስረዳት ደግሞ ምስክርና የማኅበራዊ ሠራተኛ መዝገብ ይበቃል። ቤተ ሙከራ የሚከፍልለት የሌለው ተከሳሽ ይህንኑ በደል ተቀብሎ ዓመቱ ሳይቀነስለት ከቀረ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ገንዘብ እንጂ ጥፋት አይደለም።