ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ከአሻንጉሊት ጨረታ እስከ ላስታ

አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ስንት ያወጣል? መርካቶ ገብቶ ለልጁ መጫወቻ የሚገዛ አባት ጥቂት መቶ ብር ሲጠየቅ እንኳ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ አሻንጉሊት በ525,000 ዶላር ሸጧል። አሻንጉሊቱ «ስታር ዋርስ» በተሰኘው ፊልም የሚታወቀው የቦባ ፌት ምስል ሲሆን፣ ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1979 ያዘጋጀው ናሙና ነው።

ገንዘቡ የተከፈለው ለፕላስቲኩ አይደለም። ከጀርባው የምትወነጨፈው ትንሽ ሮኬት ሕፃናትን ታንቃለች ተብሎ ስለተፈራ ይህ ዓይነቱ አሻንጉሊት ሱቅ ሳይደርስ ቀርቷል። የተረፉት ናሙናዎች ጥቂት፣ ፈላጊዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ገበያው ዋጋ የቆረጠው በዚህ ሂሳብ ነው።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ሀስብሮ «ጂ አይ ጆ» የተባለውን የወታደር አሻንጉሊት ያወጣው በ1964 ነበር። ሜጎ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ሱፐርማንንና ባትማንን የመሳሰሉ ጀግኖችን ለልጆች አቀረበ። በብዛት የተመረተ ዕቃ ከዓመታት በኋላ እንዴት ይወደዳል ቢባል፣ መልሱ ያለው በልጆቹ እጅ ነው። ልጅ ማሸጊያውን ቀዶ ይጥላል፤ ካባውን ያጠፋል፤ ክንዱን ይሰብራል። ስለዚህ ሰብሳቢው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዕቃው ብርቅ ነው? እንደነበረ ተጠብቋል? ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያስረዳ ማስረጃስ አለው?

እነዚህን ሳይጠይቁ የገቡ ከስረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ቢኒ ቤቢስ» የተባሉትን የጨርቅ እንስሳት ወደፊት ይወደዳሉ በሚል ብዙ አሜሪካውያን አከማቹ። ሁሉም ስላከማቸ ብርቅነቱ ጠፋ፤ ዋጋውም ወደቀ።

የእኛው ገበያ

ሀገር ውስጥ የአሻንጉሊት ጨረታ ባይለመድም፣ አሮጌ ዕቃ ፈላጊና ደላላ አይጠፋም። ለምሳሌ ጠገራ ብርን እንውሰድ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ከ1780 በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ለረጅም ዘመን በተለያዩ ሀገሮች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «ቀኑን እየው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚል ሻጭ ያስረዳው ነገር የለም። ገዢው በእርግጥ የሚይዘው 23 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ነው።

ነገሩ ከበድ የሚለው ላስታ ስንደርስ ነው። በዋሻ ውስጥ የታነፀው ይምርሐነ ክርስቶስና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት አካባቢ፣ አሮጌ መስቀልና ብራና የውጭ ሰብሳቢዎችን ዓይን ይስባል። ብርቅነት አለ፤ ይዞታም ብዙ ጊዜ መልካም ነው። የሚጎድለው ሦስተኛው መመዘኛ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ንዋየ ቅድሳት ሕጋዊ የሽያጭ ማስረጃ ከየት ይመጣለታል?

የአፍሮ አይገባ መስቀል ታሪክ ይህንን ያስተምራል። ሰባት ኪሎ ይመዝናል የሚባለው ይህ የላሊበላ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰረቀ፤ አንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅም ገባ። በ2001 ወደ ቦታው የተመለሰው ለሰብሳቢው 25,000 ዶላር ተከፍሎ ነው። ሀገር የራሷን ንብረት መልሳ ገዛች ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዋጋው በውጭ ሀገር ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ እዚህ የሚገዛው ነጋዴ የሚይዘው የሚወረስ ዕቃና የሚያስጠይቅ ክስ ነው።

ወረርሽኙና ጦርነቱ የላሊበላን የጎብኚ ገበያ ክፉኛ ጎድተውታል። ገቢ ሲደርቅ ያለውን የመሸጥ ፈተና ይበረታል፤ በርካሽ የሚገዛ ደላላም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሕጋዊው ንግድ ከፊታችን ነው። የዘመኑ አንጥረኛ የሠራው መስቀል፣ የሠሪው ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ከደረሰኝ ጋር ቢሸጥ፣ ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ገዢው በነፃነት ያስቀምጠዋል፤ ሲሻውም በነፃነት ይሸጠዋል።

ስለዚህ ነጋዴው «አሮጌ ነው» ሲባል ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ከማን ተገዛ? ወረቀቱስ የታለ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ፣ ትርፉ የሚገኘው ባለመግዛት ነው።