ሆስፒታል መውለድ ብቻውን ይበቃል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆኜ ያደርኩበትን አንድ ሌሊት ላጫውታችሁ። ሦስት እናቶች ነበሩን፤ ሁለቱ ምጥ ላይ፣ አንዷ ገና መውለዷ። አዋላጅ ነርሷ ግን አንዲት ብቻ ነበረች። እሷና እኔ ምጥ የጠናባትን እያዋለድን ሳለ የወለደችው ልጅ እናት ሮጠው መጡ፤ "ልጄ ዞረብኝ እያለች ነው!" ስንደርስ አንሶላው በደም ርሷል። ማህፀኗን አሸን፣ መድኃኒት ሰጠናት፣ ደሙ ቆመ። ዳነች። ግን እናቷ አጠገቧ ባይኖሩስ ኖሮ?

አገራችን በእናቶች ጤና ብዙ ሠርታለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ሆኗል፤ አምቡላንስ ለወረዳዎች ተከፋፍሏል፤ ሩቅ ላሉ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በጤና ተቋም ይካሄድ የነበረው ወሊድ 10% ገደማ ነበር፤ በ2019 ወደ 48% ደርሷል። የእርግዝና ክትትሉም ከ4 ወደ 8 ጊዜ ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው! ግን ይህ ሁሉ ሥራ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በአዋላጇ ላይ።

እስቲ አስሉት። ምጥ ሲፋፋም የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው ይደመጣል፤ እናት ማማጥ ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። ከወለደች በኋላ ደግሞ ለ2 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው ግፊቷ፣ የልብ ምቷ፣ ማህፀኗና የሚፈሳት ደም ይታያል። ይሄ ለአንድ እናት ነው። ለሦስት እናት አንዲት አዋላጅ ከሆነች አንዱ መቅረቱ አይቀርም። ስንፍና አይደለም፤ ሁለት እጅ ብቻ ስላላት ነው።

በአገራችን እናቶችን በመግደል ቀዳሚው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ነው። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ተብሎ ሁሉም ሲዘናጋ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

👉 አንድ የምታምኑት ሰው ከወላዷ አጠገብ አይጥፋ። ተቋሙ አብሮ መግባት ይፈቅድ እንደሆነ በክትትል ጊዜ ቀድማችሁ ጠይቁ።
👉 ደሙ ፓዱን ቶሎ ቶሎ ካራሰ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ካዞራት፣ ላብ ካሰመጣት ወይም እይታዋ ከደበዘዘ ወዲያው ተጣሩ።
👉 "ደክሟት ነው ተዋት ትተኛ"፣ "መጥፎ ደም ነው ይውጣላት" አትበሉ። መጥፎ ደም የሚባል ነገር የለም፤ የሚወጣው ሕይወቷ ነው።
👉 ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላት ወደ ቤት ለመውሰድ አትቸኩሉ።

አዋላጇ ላይ መጮህ ቁጥሯን አይጨምርም። ጥያቄያችሁን ለሚመለከተው አንሱ፦ ለኃላፊዎች፣ በሕዝብ ውይይት ላይ። "ማታ ማታ ስንት አዋላጅ ነው ተረኛ የሚሆነው?" ብሎ መጠየቅ ሕንፃው ስንት አልጋ አለው ከማለት ይበልጣል።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን አድርሱላት። ሼር ማድረግ አንዲት እናት ሊያድን ይችላል።

መልካም ጤና!