ስለ ወገን መለያየትና ስለ ክርክር ሥርዓት

የሰው አሳቡ እንደ መልኩ ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አገር አስተዳደር ወይም ስለ ሹመት አሳባቸው ቢለያይ ነውር አይባልም። ነውሩ የሚጀምረው ሰሚው «ምን አለ» ማለቱን ትቶ «የማን ወገን ነው» ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱ የባላጋራ ቃል ነውና አይሰማም፤ ሐሰቱም የወዳጅ ቃል ነውና ይደገፋል።

ለዚህ ነገር ምስክር ከሩቅ ሳንሻ በዚሁ በሰሜን ምድር እናገኛለን። ሊቃውንት ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በተዋሕዶ፥ በቅባትና በጸጋ ትምህርት ይከራከሩ ነበር። ነገሩ በጉባኤ ሳለ የመጻሕፍት ክርክር ነበረ፤ መሳፍንት ከገቡበት በኋላ ግን ሃይማኖት የጦር ምክንያት ሆነ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ፥ በ1834 ዓ.ም.፥ በዚያው ዓመት ከመጡት ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው ራስ አሊን በሃይማኖታቸው ነቅፈው በደብረ ታቦር ወጓቸው። ውቤ ድል አደረጉ፤ ዳሩ ግን በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ ተማረኩ። ራስ አሊም ብዙ ሳይቆዩ ፈትተው ወደ ግዛታቸው ሰደዷቸው። ጌቶቹ ታረቁ፤ የሞተው ባላገር ግን አልተነሣም። የሊቃውንቱም ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪፈረድ ድረስ እንደ ቆመ ቆየ።

ዳግመኛም ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉትን ሁለት ፓርቲዎች እንመልከት። ሁለቱም ከተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ፥ ሁለቱም የማርክስንና የሌኒንን ትምህርት እንከተላለን የሚሉ ነበሩ። ዋናው ልዩነታቸው ከደርግ ጋር መሥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበረ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በጽሕፈት ተከራከሩ፤ በ1969 ዓ.ም. ግን ክርክሩ ከብዕር ወደ ጥይት ተላለፈ። አብሮ የተማረ አብሮ አደጉን ገደለ። ደርግም አስቀድሞ ኢሕአፓን፥ ኋላም መኢሶንን ሰበረ። ከዚህ እንደምንረዳው፥ ጠብ የሚከፋው በአሳቡ ርቀት መጠን ሳይሆን በወገንተኛነቱ ጽናት መጠን ነው።

በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና በሽታ ምክንያት በተላለፈ ጊዜ፥ የፌዴራሉ መንግሥትና የትግራይ ክልል መሪዎች እርስ በርሳቸው ሕገ ወጥ ተባባሉ። በየስልኩ የሚመላለሰው ወሬና ስድብም እሳቱን አራገበው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ወደ ዳባት ወረዳ፥ ወደ ጭና ተክለ ሃይማኖት ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰው ሞተ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በፕሪቶሪያ ተቀምጠው ስምምነት ፈረሙ። እንደ ውቤና እንደ አሊ ዘመን ሁሉ፥ የታረቁት ከተዋጉ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ከአባቶቻችን ትምህርት ቤት የራቀ አይደለም። የመጻሕፍት መምህር ሲተረጉም «አንድም» እያለ ልዩ ልዩውን ፍቺ በተራ ያወርዳል፤ ደቀ መዝሙሩም የማይመርጠውን ፍቺ ጭምር አስተካክሎ ማውረድ አለበት። የመንደር ሽማግሌም የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሁለት ልጆች ሲከራከሩ አስቀድሞ እያንዳንዱ የባልንጀራውን አሳብ ይናገር፤ ባልንጀራውም «አዎን፥ ያልሁት ይህንኑ ነው» ብሎ ከመሰከረ በኋላ የራሱን ይጨምር። ወሬ ይዞ የመጣውንም ልጅ «ማን አየ? መቼ? በየት ቦታ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሽማግሎች ሆይ፥ እናንተም ይህንኑ ሥርዓት በዕድር፥ በማኅበርና በምርጫ ወራት ጠብቁ።

እንደዚህ የተማረ ልጅ ባደገ ጊዜ፥ በምርጫ ቀን ድምፁን ለወደደው ይሰጣል፤ በማግሥቱም ለሌላው ከሰጠው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ደቦ ገብሱን ያጭዳል።