የጣሪያ ሶላር ፓነሎችን ማጽዳት መቼ ያዋጣል?

ጉግል በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤቱ የተከላቸውን የሶላር ፓነሎች ከ15 ወራት በኋላ ሲያጸዳ፣ በመኪና ማቆሚያ መጠለያዎች ላይ በአግድም የተዘረጉት የሚያመነጩት ኃይል ወዲያውኑ በእጥፍ አደገ። በጣሪያ ላይ አዘንብለው በተተከሉት ላይ ግን ለውጡ እምብዛም አልነበረም፤ ዝናቡ አስቀድሞ አጥቧቸዋልና።

ልዩነቱ የመነጨው ከአቀማመጣቸው ነው። አቧራ ብርሃን ወደ ፓነሉ ሴሎች እንዳይደርስ ይጋርዳል። ባዘነበለ መስታወት ላይ ዝናብ አቧራውን ይዞ ይወርዳል፤ በጠፍጣፋው ላይ ግን ውሃው ተኝቶ ሲደርቅ ቆሻሻው በዚያው ይቀራል። ዝናብ በሚያጥርባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የሌሊት ጤዛ አቧራውን እንደ ጭቃ ለውሶ ያጣብቀዋል፤ በዚያ አዘውትሮ ማጽዳት ግድ ነው።

ባለሙያዎች የሚያጸዱት ፓነሉ ሳይሞቅ፣ በማለዳ ነው፤ በጋለ መስታወት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል። ለስላሳ ብሩሽና ማዕድኑ የተጣራ ውሃ ይጠቀማሉ፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ይተዋልና። ፓነሉ ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ ያለ ባለሙያ ጣሪያ ላይ መውጣት ከመውደቅ ሌላ የኤሌክትሪክ አደጋም አለው።

ለጽዳት ገንዘብ ከማውጣት በፊት የወሩን ምርት ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ይበጃል።