ካቦው ሳይታይ ካምቢዮ አይወርድም

አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ላይ ያለ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲያዘገይ፣ ሲመታ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል፣ ጥፋቱ የግድ የካምቢዮው አይደለም። ከነቀምቴ በአንገር ጉትን አድርጎ ወደ ጊዳ አያና በሚያልፈው መንገድ በቆሎና ሰሊጥ የሚያመላልሱ ፒክአፖች በአብዛኛው የእጅ ማርሽ ናቸው። ኦቶማቲኩ በዚያ አካባቢ እንደ ባዕድ ይታያል፤ ትንሽ ባስቸገረ ቁጥርም «ካምቢዮው በልቷል፣ ይውረድ» ይባልበታል። ይህ ፍርድ ብዙ ደህና ካምቢዮ ያለ አበሳው አስፈትቷል።

አሠራሩ ለማንም የሚገባ ነው። በእግር በሚረገጠው ፍሪሲዮን ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር ይገባል፤ ይህም ጀርመናዊው ሄርማን ፌቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 ለመርከብ ብሎ ያወጣው፣ ጉልበትን በፈሳሽ የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ከኋላው የፕላኔታሪ ጥርሶች አሉ፤ እነሱን የሚይዙና የሚለቁ ዲስኮች በዘይት ግፊት ይሠራሉ።

ምርመራው ከዘይቱ ይጀምራል። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ጠዋት በብርዱ፣ ሞተር ጠፍቶ አይለካም። መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ እጀታው በሁሉም ማርሽ አልፎ ወደ ፓርኪንግ ይመለሳል፤ መለኪያው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሲጎድል የካምቢዮው ዘይት ፖምፓ አየር ይስባል፤ ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን አረፋ ያደርጉታል፤ በሁለቱም ግፊቱ ይወርዳል። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስኮቹ እየተበሉ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራዲያተሩ ነው፣ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ በብዙ ፒክአፖች ላይ በራዲያተሩ የታች ጋን ውስጥ ያልፋልና። በኩላንት ፈንታ የወንዝ ውኃ በጀሪካን እየቀዱ የሚሞሉ ሹፌሮች ያን ቱቦ ከውስጥ ያዝጉታል፤ ቱቦው የተበሳ ዕለት የሚከሰሰው ካምቢዮው ነው። የዘይቱ ዓይነትም በግምት አይመረጥም፤ በቀደሙት የቶዮታ ካምቢዮዎች ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ቲ-4፣ በቅርቦቹ ደብልዩ ኤስ ነው። ሱቅ ውስጥ የተገኘው ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም።

ዘይቱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ መታየት ያለበት፣ ጋራዥ ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው፣ አንድ ቀጭን ካቦ ነው። አሮጌው ካምቢዮ ምን ያህል ግፊት መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው ሞተሩ ምን ያህል ጫና እንዳለበት ሲነገረው ነው። የቤንዚን ሞተር በመሳቢያው ውስጥ የአየር መሳብ ስላለው አንዳንድ ካምቢዮዎች መልእክቱን ከዚያ በቀጭን ቱቦ ይወስዳሉ። ናፍጣ ሞተር ግን አየሩን የሚያፍን በር ስለሌለው ያ መሳብ የለውም። ስለዚህ መልእክቱ በካቦ ይሄዳል፤ አንዱ ጫፍ በናፍጣ ፖምፓው ክንድ ላይ፣ ሌላው በካምቢዮው ውስጥ ታስሯል። ነዳጅ ሲረገጥ ካቦው በውስጥ ትንሽ ካም ያዞራል፤ ካሙም ቫልቮላውን በሞላ ላይ ይገፋል፤ ግፊት ይጨምራል። እንደ ቶዮታው ኤ43ዲ ባሉ ኮምፒውተር በማያውቁ ካምቢዮዎች ማርሹ መቼ ይቀየር የሚለውንም ይኸው ካቦ የመኪናውን ፍጥነት ከሚያነበው ጋቨርነር ጋር ሆኖ ይወስናል። በቀደሙት ኤ340ኢዎች የመቀየሪያውን ጊዜ ኮምፒውተር ወስዶታል፤ ግፊቱ ግን አሁንም በካቦው እጅ ነው።

ካቦው ሲላላ ማርሹ ቶሎና ለስለስ ብሎ ይገባል። ሹፌሩ «እንዴት ደስ ይላል» ይላል፤ ከአንገር ሸለቆ ጭኖ ወደ ነቀምቴ መውጣት ሲጀምር ግን ዲስኮቹ ግፊት አጥተው ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። ሲከርር ደግሞ ማርሹ ይዘገያል፣ ሲገባም ይመታል። ካቦው ሲበጠስ ፈትቶ ጥሎ መንዳት ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ካምቢዮው ሁልጊዜ ባዶ መኪና የሚነዳ ይመስለዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት የናፍጣ ፖምፓው ተፈትቶ፣ ተስተካክሎ ሲመለስ ካቦውን ሳያዩ መስጠት ነው። የፖምፓው ክንድ ከተነካ ካቦውም እንደገና ይለካል።

ልኬቱ ሁለት ሰው ብቻ ይፈልጋል። ሞተር ጠፍቶ አንዱ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሌላው መጀመሪያ የፖምፓው ክንድ የመጨረሻውን ቡሎን መንካቱን ያያል። ካልነካ ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉን አግዶት እንደሆነ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ «ጉልበት አጣ» የተባለ መኪና የተያዘው በምንጣፍ ነው። ክንዱ ከነካ በኋላ በካቦው ላይ የተጨመቀችው ትንሽ ማቆሚያ ከጎማው ሽፋን ጫፍ ያላት ርቀት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የቶዮታ መመሪያ ልክ ይህ ነው። ካልሆነ የካቦውን ሁለት ማስተካከያ ዳዶ በቺያቬ ማላላትና ማስተካከል ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን አራት አምስተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚያ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሹፌሩ አጥብቆ ይረግጣል። ካምቢዮው የሚያነበው የእግሩን እንጂ የሞተሩን ጉልበት አይደለምና ማርሹን ያዘገያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ለዚህ ሲባል ካቦ ማላላት ግን ብልሽት ያመጣል። ሽቅብ ላይ በሦስትና በአራት መካከል ሲዋልል ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም አራተኛውን ማርሽ፣ ማጥፋት ይበቃል።

በኤ340ኢ ላይ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ካደላ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ወደ ካምቢዮው የሚገባው የሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቮላ) ሶኬት ተነቅሎ ይነዳል። ያን ጊዜ የእጀታው ቦታዎች፣ ዲ ኦቨርድራይቭን፣ 2 ሦስተኛን፣ ኤል አንደኛን ይሰጣሉ። ሦስቱም ከሠሩ የካምቢዮው የውስጥ አካል ደህና ነው፤ ገመዱ፣ ሶሌኖይዱ ወይም ኮምፒውተሩ ይመርመር።

ባትሪ ሲደክም ሰው ሰብስቦ ገፍቶ ማስነሳት በዚህ ካምቢዮ ድካም ብቻ ነው፤ የዘይት ፖምፓውን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ ሞተር ካልዞረ ዲስኮቹ አይያዙም። መጎተትም እንዲሁ ነው፤ የኋላ ጎማ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሞተር ከጠፋ ዘይት የማያገኙ ክፍሎች ይፋቃሉ። ረጅም መንገድ የሚጎተት ከሆነ የኋላው ካርዳን ይፈታል፤ አራቱም ጎማ የሚነዳው መኪና የፊቱም ይፈታ፣ አለዚያ በሌላ መኪና ይጫን።